በሆሊውድ ሰው ሲሞት አስቀድሞ የሚጠራው ማን ነበር?

በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፥ ሄንሪ ፒቪ የተባለ የቤት አሽከር የጌታውን ቁርስ ሊያሰናዳ በሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ቤት ገባ። ጌታው ዊልያም ዴዝሞንድ ቴይለር የታወቀ የፊልም ዲሬክተር ነበር። አሽከሩ በሩን ከፍቶ ቢመለከት፥ ጌታው በሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፥ ልብሱ ሳይዛነፍ እንደ ተኛ ሰው ሆኖ አገኘው። ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሐኪም ነኝ ያለ አንድ ሰው ከመንገድ ገብቶ አየት አደረገና ሆዱ ውስጥ ደም ፈስሶት የሞተ ነው ብሎ ሄደ፤ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ አልታወቀም። ሬሳው በተገለበጠ ጊዜ ግን ከጀርባው የገባ የሽጉጥ ጥይት ተገኘ። በኪሱ 78 ዶላር፥ በጣቱም የአልማዝ ቀለበት እንዳለ ስለ ነበር ገዳዩ ሌባ ነው ለማለት አልተቻለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው በማንኛውም ከተማ ሊደርስ የሚችል ወንጀል ነው። ሆሊውድን ከሌላው የሚለየው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሟቹ ይሠራበት ከነበረው፥ ኋላ ፓራማውንት ከተባለው የፊልም ኩባንያ የተላኩ ሰዎች ፖሊስ ምርመራውን በወጉ ሳይይዝ ወደ ቤቱ ገብተው ደብዳቤዎችንና ወረቀቶችን ሰብስበው ወጡ። ለምን ቢባል፥ ሟቹ ከታወቁ ተዋናዮች ጋራ ይጻጻፍ ስለ ነበር ነው። በዋዜማው ማታ የቀልድ ፊልም ኮከብ የነበረችው ሜብል ኖርማንድ ቤቱ መጥታ ጠይቃው ነበር፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ተዋናይት ሜሪ ማይልስ ሚንተርም የፍቅር ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር። ኋላም ሲመረመር የሰውዬው ስም ራሱ ቴይለር አልነበረም። በአየርላንድ የተወለደ ዊልያም ዲን ታነር የሚባል ሰው ሲሆን፥ በ1908 ዓ.ም. ሚስቱንና ሴት ልጁን ኒው ዮርክ ላይ ጥሎ ከተሰወረ በኋላ በሌላ ስም በሆሊውድ የተከበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እንግዲህ የወንጀል ልብ ወለድ የሚወድ ተማሪ ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ገዳዩ ማን ነው? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በዚያን ጠዋት ከፖሊስ ቀድሞ ስልክ የተደወለለት ማን ነበር? የደብዳቤውን ሳጥን የከፈተው ማን ነበር? ሰውዬውስ ይህን ያደረገው ክፉ ስለ ሆነ ነው ወይስ ደመወዝ የሚከፍለው ጌታው ስላዘዘው? ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ፊልም ዓለም የተጻፉት የተሻሉት የወንጀል ታሪኮች የሚዞሩት በዚህ ነገር ላይ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ታሪኮቹ በአብዛኛው ከአጭር ልብ ወለድ የሚረዝሙ፥ ከሙሉ መጽሐፍ የሚያጥሩ ናቸው፤ ፈረንጆች ‹ኖቬላ› ይሏቸዋል። መጠናቸው እንዲህ የሆነው ደራሲዎቹ ስለ ኪነ ጥበብ ሕግ ተጨንቀው አይደለም። ይወጡ የነበሩት ከርካሽ የእንጨት ብስባሽ በተሠራ ወረቀት ላይ በሚታተሙ መጽሔቶች ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ስሙ የገነነው በ1920 ዓ.ም. የተቋቋመው ‹ጥቁር ጭምብል› የተባለው ነው። ክፍያው በቃል ቁጥር ነበር፤ ለአንድ ቃል አንድ የአሜሪካ ሳንቲም የተለመደ ዋጋ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ከነዳጅ ኩባንያ ሥራው የተባረረ ሬይመንድ ቻንድለር የሚባል ሰው በ45 ዓመቱ የመጀመሪያውን ታሪክ ለዚህ መጽሔት ጻፈ። አምስት ወር ደከመበት፤ 18 ሺሕ ቃላት ያህል ሆነ፤ የተከፈለው 180 ዶላር ነው። በዲሴምበር 1933 ዓ.ም. የታተመው ይህ ኖቬላ ነገሩ ስለ አንዲት የፊልም ተዋናይት ደብዳቤዎች ነው። በደብዳቤዎቹ እያስፈራሩ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ ደብዳቤዎቹን የሚፈልግ መርማሪ አለ። የቴይለርን ቤት የደብዳቤ ሳጥን ያስታወሰ አንባቢ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ለመገመት አይቸግረውም።

ከቻንድለር በፊት ግን ራውል ዊትፊልድ ነበር። የእርሱ ታሪክ በ1930 ዓ.ም. በዚሁ መጽሔት ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፍ ሆነ። በሆሊውድ ኮረብታ ሥር በሕዝብ ፊት ሙዚቃ የሚቀርብበት፥ እንደ ጐድጓዳ ሳሕን የተሠራ ሰፊ ቦታ አለ፤ ስሙም ቦውል ነው፤ ሳሕን ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሙዚቃው መሪ በሺሕ በሚቈጠር ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲያስመታ መብራት ይጠፋል፤ ሦስት ሞተር ያለው አውሮፕላን ከላይ እያገሣ ያልፋል፤ መብራቱ ሲበራ መሪው በጥይት ተመትቶ ወድቋል። የአውሮፕላኑ ድምፅ የሽጉጡን ድምፅ ሸፍኖታል። ሟቹ የአንድ ታላቅ የፊልም ዲሬክተር ወንድም ነው፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዷ የፊልም ኮከብ ናት፤ ሌላው የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ነው። እኔን ያስገረመኝ የአገዳደሉ ብልሃት ነው። መብራቱን፥ ድምፁንና ሰዓቱን አስማምቶ ሕዝብ እያየ ሕዝብ እንዳያይ ማድረግ የፊልም ሠሪ ሙያ እንጂ የተራ ነፍሰ ገዳይ ሙያ አይደለም። ደራሲው ይህን በግልጥ አይናገርም፤ አንባቢው ግን ይደርስበታል።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ደብልዩ ቲ ባላርድ የተባለው ደራሲ ቢል ሌኖክስ የሚባል ሰው ፈጠረ። ሌኖክስ ፖሊስ አይደለም፤ በግል የሚሠራ መርማሪም አይደለም። የአንድ ስቱዲዮ ደመወዝተኛ ነው፤ ሥራውም ነገር አብራጅነት ነው። ተዋናይ ሰክሮ ሲደባደብ፥ ተዋናይት በቁማር ዕዳ ስትያዝ፥ ከሁሉም በላይ ሬሳ በማይገባ ቦታ ሲገኝ የሚጠራው እርሱ ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ቁጡና ጯሂ ሰው ነው፤ የሚፈልገው ገዳዩ እንዲያዝ ሳይሆን ፊልሙ በቀኑ እንዲያልቅ፥ ጋዜጠኞችም እንዳይሰሙ ነው። ሌኖክስ ሁለት ጌታ አለው ማለት ይቻላል፤ አንዱ በየሳምንቱ ደመወዝ ይከፍለዋል፤ ሁለተኛው ምንም አይከፍለውም፤ እርሱም ኅሊናው ነው። ደራሲው ሌኖክስን ጻድቅ አላደረገውም። ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ለጋዜጠኛ ይዋሻል፤ ማስረጃ ከቦታው ያነሣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከዚህ በኋላስ አይሆንም ብሎ ይቆማል። ወሰኑ የት እንደ ሆነ በሕግ መጽሐፍ አልተጻፈለትም፤ በየታሪኩ እንደ አዲስ ራሱ መፈለግ አለበት።

በቢሮ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሠራ ወጣት ሹም ይህን ታሪክ ሲያነብ ነገሩ ሩቅ አገር አይመስለውም ብዬ አስባለሁ። የአለቃን ስም መጠበቅ ታማኝነት ነው ሲባል ያልሰማ ሠራተኛ የለም። ታማኝነቱ ከየት ጀምሮ ተባባሪነት እንደሚሆን የሚነግር መምሪያ ግን የለም።

ደራሲው ነገሩን ከልቡ የፈጠረው እንዳይመስል፥ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የደረሰውን እንመልከት። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ ሹም የነበረው ፖል በርን፥ የዝነኛዋ ተዋናይት የጂን ሃርሎ ባል፥ በቤቱ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ተገኘ። አሽከሮቹ የጠሩት ስቱዲዮውን ነበር። የኩባንያው አለቃ ሉዊስ ሜየር ራሱ መጣ፤ ሌሎችም ሹማምንት መጡ፤ ፖሊስ የተጠራው ከሰዓታት በኋላ ነው። በሕግ ምርመራ ራሱን ገደለ ተብሎ ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በእነዚያ ሰዓታት በቤቱ ውስጥ ምን ተነሥቶ ምን እንደ ተተወ እርግጡን የሚናገር ስለ ታጣ ክርክሩ ለብዙ ዘመን ቆየ። እንዲህ ያለ መሸፋፈን የሚጎዳው ሌላውን ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውንም ታሪክ ሐሰት አስመስሎ ያስቀረዋል።

ስቲቭ ፊሸር በ1941 ዓ.ም. ያወጣው ‹እየጮኽሁ እነቃለሁ› የሚለው መጽሐፍ በዚህ ረድፍ ውስጥ ልዩ ዕድል ገጠመው። በአንድ ስቱዲዮ ጸሐፊ ሆና የምትሠራ ቪኪ ሊን የተባለች ቆንጆ ልጅ አለች፤ ጥቂት ሰዎች ገንዘብና ዕውቀት አዋጥተው የፊልም ኮከብ እናደርጋታለን ብለው ይነሣሉ፤ ልክ የዕድሏ በር ሲከፈት ተገድላ ትገኛለች። ኮርኔል የተባለው መርማሪ ፖሊስ፥ በሳንባ በሽታ እየማቀቀ ያለ ሰው፥ ጥፋተኛ ያደርገው ዘንድ አንዱን ተጠርጣሪ እንደ ጥላ ይከተለዋል። የፊልም ሰዎች መጽሐፉን ወዲያው ገዝተው በዚያው ዓመት ፊልም አደረጉት። ፊልሙን ያየ ሰው ግን ሆሊውድን አያገኝም፤ ታሪኩ ወደ ኒው ዮርክ ተዛውሯል። ስቱዲዮው በገዛ መንደሩ ስለ ተፈጸመ ወንጀል የሚናገር ፊልም ማሳየት አልፈለገም። ገንዘብ ከፍሎ ታሪኩን ገዛ፤ አድራሻውን ግን ሰረዘ። ሌኖክስ ሬሳውን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲያዛውር በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

ከሁሉም አስበልጬ የማየው ግን መርማሪ የሌለበት፥ ገዳዩም ከመጀመሪያው ገጽ የታወቀበት ታሪክ ነው። የሆረስ ማኮይ መጽሐፍ በ1935 ዓ.ም. ታተመ፤ ርእሱ በአማርኛ ‹ፈረሶችስ ይገደሉ የለም ወይ?› እንደ ማለት ነው። በአንድ ማታ የሚያልቅ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ማኮይ በቴክሳስ ጋዜጠኛ ነበር፤ በ1931 ዓ.ም. ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ ወደ ሆሊውድ ሄደና ከሕዝብ መካከል ቆሞ ከመታየት የሚያልፍ ብዙ ዕድል ሳያገኝ ቀረ። ስለዚህ የጻፈው ስለሚያውቃቸው ሰዎች ነው።

መጽሐፉ ሲጀምር ሮበርት የተባለ ወጣት በችሎት ፊት ቆሞ ዳኛው ፍርድ ያነብለታል። ፍርዱ ግን በአንድ ጊዜ አይነበብም፤ በየምዕራፉ መግቢያ አንድ ሐረግ፥ ሁለት ሐረግ እየተባለ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። በመካከሉ ወጣቱ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ይተርካል። የፊልም ዲሬክተር የመሆን ምኞት ነበረው፤ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ሲመለስ በፓራማውንት ስቱዲዮ አጠገብ ግሎሪያ ከምትባል ልጅ ጋራ ተገናኘ። እርስዋም ተዋናይ ልትሆን መጥታ በር የተዘጋባት ናት። በባሕር ዳር በእንጨት ድልድይ ላይ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ የዳንስ ውድድር እንዳለ፥ ምግብና አልጋ በነጻ እንደሚሰጥ፥ እስከ መጨረሻው ለጸኑት 1 ሺሕ ዶላር እንደሚሸለም ሰማች። ከገንዘቡም ይልቅ የሳባቸው ፕሮዲዩሰሮችና ዲሬክተሮች ለማየት ይመጣሉ መባሉ ነው፤ ምናልባት አንዱ አይቶ ይመርጠናል አሉ።

ውድድሩ ዳንስ ይባል እንጂ ዳንስ አልነበረም። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ በእግር መንቀሳቀስ፥ አሥር ደቂቃ ማረፍ፥ እንደገና መነሣት ነው፤ ሌሊትም ቀንም ያው ነው። ሲጀመር 144 ጥንዶች ነበሩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 61 ወደቁ። ተመልካቹ እንዳይሰለች በየማታው ተወዳዳሪዎቹ በሞላላ መሥመር ላይ እንዲሮጡ ይደረጋል፤ መጨረሻ የወጡት ጥንዶች ይባረራሉ። ለማስታወቂያ ሲባል ሁለት ተወዳዳሪዎች በሕዝብ ፊት እንዲጋቡ ይደረጋል። እውነተኛ የፊልም ኮከቦች በአዳራሹ ሲቀመጡ የመድረኩ መሪ ስማቸውን ይጠራል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ድልድዩ ሥር ያለው ማዕበል ምሰሶዎቹን ሲመታ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሮበርት ወደ አዳራሹ የምትገባውን የፀሐይ ብርሃን እየተከተለ ይደንሳል፤ ፀሐይ ካየ ብዙ ቀን ሆኖታል። እኔ ስለዚህች ብርሃን የተጻፈውን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

በመጨረሻ ውድድሩ አሸናፊ ሳይኖረው ይቆማል። በመጠጥ ቤቱ በኩል በተነሣ ጠብ የተተኮሰ ጥይት እነሱን ስትደግፍ የነበረች አንዲት አሮጊት ይገድላል፤ የተሰለፉት እናቶች ማኅበርተኞችም አዳራሹ ይዘጋ እያሉ ነው። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ 50 ዶላር ሰጥተው ያሰናብታሉ። ከ879 ሰዓት በኋላ ሁለቱ ወጥተው በድልድዩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕይወት ከታከታት ብዙ ጊዜ የሆናት ግሎሪያ ሽጉጥ አውጥታ እንዲገድላት ትለምነዋለች፤ እርሱም ይገድላታል። ፖሊሱ ምክንያቱን ቢጠይቀው የሰጠው መልስ የመጽሐፉ ርእስ ነው። በልጅነቱ አያቱ እግሯ የተሰበረችውን የሚወዷትን ፈረስ እንዴት እንደ ገደሏት ትዝ ብሎት ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ደብዳቤ የሚሰበስብ የስቱዲዮ ሰው የለም፤ አያስፈልግምም። የግሎሪያን ስም ጋዜጣ ቢያወጣው የሚከስር ኩባንያ የለምና። የቴይለርን ቤት የፈተሹት ሰዎች የሮጡት ለሟቹ ክብር አስበው ሳይሆን ለኩባንያው ገንዘብ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ድርሰት አላገኘሁም። መጽሐፉ በአሜሪካ ብዙም ሳይነገርለት ቆይቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ አገር ታላቅ ስም አገኘ። ሆሊውድ ፊልም ያደረገው በ1969 ዓ.ም. ነው። የመድረኩን መሪ ሆኖ የተጫወተው ጊግ ያንግ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ ማኮይ ግን በ1955 ዓ.ም. ሞቶ ነበር።

በእነዚህ መጽሔቶች የወጣው ሁሉ እንዲህ ያማረ ነው ብዬ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። ሮበርት ሌስሊ ቤለም ዳን ተርነር የተባለውን የሆሊውድ መርማሪ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አስነሥቶ ስለ እርሱ ቁጥር የሌለው ታሪክ ጻፈ፤ በ1942 ዓ.ም. የራሱ መጽሔት እንኳ ተቋቋመለት። በየገጹ ሴት ትገደላለች፤ በየገጹ ሽጉጥ ያስነጥሳል። ቋንቋው ያስቃል፤ ለባቡር መንገድ ይጠቅማል፤ ከባቡሩ ሲወርዱ ግን የሚታወስ ነገር የለም። ሲኒማን እንደ ጌጥ የያዙት እንዲህ ያሉት ናቸው። ተዋናይቱን አውጥቶ የባንክ ጸሐፊ ቢያገቡባት ታሪኩ አይለወጥም።

ቻንድለር ግን ከመጀመሪያው ኖቬላ 16 ዓመት ቆይቶ ወደ ነገሩ ተመለሰ። በመካከሉ በ1943 ዓ.ም. ፓራማውንት ቀጥሮት ከቢሊ ዋይልደር ጋራ ፊልም ጽፎ ነበር፤ ስለዚህ ከውስጥ አይቶታል። በ1949 ዓ.ም. ያወጣው ‹ታናሽ እኅት› እንኳ ኖቬላ አይደለም፤ ሙሉ መጽሐፍ ነው። ከካንሳስ የመጣች፥ መነጽር ያደረገች፥ ጨዋ የምትመስል ልጅ ወንድሜ ጠፋብኝ ብላ 20 ዶላር ይዛ ወደ መርማሪው ማርሎ ትመጣለች። የነገሩ ሥር አንዲት ፎቶግራፍ ናት። ልትገን የጀመረች ተዋናይት ከአንድ ወንበዴ ጋራ በምግብ ቤት ተቀምጣ ትታያለች፤ ወንበዴው ግን በዚያ ቀን እስር ቤት ነበር ተብሎ ተመዝግቧል። አንዲት ትንሽ ወረቀት ወንበዴውንም ተዋናይቱንም ልታጠፋ ትችላለች፤ ሁሉም ይፈልጋታል፤ ሁሉም ዋጋ ይሰጥባታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ፎቶግራፉን አንሥቶ የሚነግደው ማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው፤ ላላነበበ ሰው ብነግረው ደስታውን እወስድበታለሁ።

የነገሩ ፍጻሜ የሚገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሸራው ላይ ነው። ከቻንድለር ጋራ ይሠራ የነበረው ቢሊ ዋይልደር በ1950 ዓ.ም. ‹ሰንሰት ቡለቫርድ› የተባለውን ፊልም አወጣ። ዘመኗ ያለፈ የፊልም ንግሥት አንድ ደኻ የድርሰት ጸሐፊ ትገድላለች፤ ታሪኩን የሚተርከው በመዋኛ ውስጥ የተንሳፈፈው ሟች ራሱ ነው። ንግሥቲቱ ኖርማ ዴዝሞንድ ትባላለች፤ ስሙ ከሜብል ኖርማንድና ከዊልያም ዴዝሞንድ ቴይለር የተውጣጣ ነው ይባላል። ፊልሙን ያሠራው ከ28 ዓመት በፊት ሰዎቹን ወደ ቴይለር ቤት የላከው ያው ፓራማውንት ነው፤ በዚህ ጊዜ አድራሻውን አልሰረዘም፤ የስቱዲዮውን በር ራሱን አሳየ።

ፊልሙ አስቀድሞ ለፊልም ሰዎች በታየበት ማታ ከተመልካቾቹ አንዱ በቁጣ ተነሥቶ ያበላህን ሙያ አዋረድህ እያለ በዋይልደር ላይ እንደ ጮኸበት ይነገራል። ይህም ሰው በ1932 ዓ.ም. ከፖሊስ ቀድሞ ወደ ፖል በርን ቤት የደረሰው ሉዊስ ሜየር ነበር። ዋይልደር የመለሰለት ቃል በጋዜጣ የሚጻፍ አይደለም።